ጎልፍ ያለ ሳር

«ቆላ ምን የጎልፍ አገር ነው?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ጎልፍ ያደገው አሸዋ ላይ ነው። ስኮትላንዶች ጨዋታውን ያሳደጉት ባሕር ዳር፣ እህል በማያበቅል መሬት፣ ነፋስ ባከማቸው የአሸዋ ጉብታ መካከል ነው። አራሽ ስላልፈለገው ለበግና ለተጫዋች ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወጣቱ ቀስት መለማመዱን ተወ በሚል ጎልፍን በሕግ ሲከለክል፣ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው ተከርክሞ የተስተካከለ አረንጓዴ ሳር በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ በምዕራብ ጎንደር ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከሽንፋ እስከ ቋራ የተዘረጋውን ምድር እያየሁ «እዚህ ጎልፍ ይወጣዋል» ስል የምሬን ነው። ሳር የማይፈልግ፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ዕቃና የራሱ ባለሙያ ያለው ጎልፍ አለ። በሱዳን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውስትራሊያ በረሃና በካናዳ ሜዳ ሰዎች በዚሁ ስልት ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል። እኛ ጋ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ የሰማውም ቢሆን ሳር ያጡ ሰዎች መጽናኛ አድርጎ ነው የሚያስበው። ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጨኝ ነገር የለም።

የጨዋታው መሠረት ቀላል ነው። ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በተራ ማስገባት ነው፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ኳሷ ከ46 ግራም አትበልጥም፣ የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ተጫዋች ከ14 በላይ ዱላ ይዞ አይገባም። የቀረውን ሜዳው ራሱ ያስተምራል።

ሳር የግድ ነው የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከታሪኩ አልመጣም። ኳስ የሚቀመጥባት ትንሿ የእንጨት ችካል ሳትኖር በፊት፣ በየመነሻው ቦታ የአሸዋ ሣጥንና ውሃ ይቀመጥ ነበር። ተጫዋቹ ወይም ዕቃ ተሸካሚው እርጥብ አሸዋ ቆንጠር አድርጎ በጣቱ ጉብታ ይሠራና ኳሱን እላዩ ያስቀምጣል። ጆርጅ ግራንት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በቦስተን እ.ኤ.አ. በ1899 የእንጨቷን ችካል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የአሸዋው ሣጥን ለብዙ ዓመታት ከየሜዳው አልጠፋም።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያለውን ፓይንኸርስት ቁጥር 2ንም ተመልከቱ። ዩኤስ ኦፕን እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024 የተካሄደበት፣ የጎልፍ ሰዎች ስሙን በአክብሮት የሚጠሩት ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየጉድጓዱ ዙሪያ የነበረው አሸዋ ነው። የደቡቡን ሙቀት የሚችል፣ በአጭሩ ሊታጨድ የሚችል ሳር ገና በደንብ አልተገኘም ነበርና ዶናልድ ሮስ የነደፈው ይህ ሜዳ ታላላቅ ውድድሮችን ያስተናገደው በአሸዋ ላይ ነው። ሮስ አሸዋውን በሳር የለወጠው ስሙ ከገነነ በኋላ ነው።

ዱባይም እንዲሁ ናት። ኤሚሬትስ ጎልፍ ክለብ በዚያ አካባቢ የመጀመሪያው ሙሉ የሳር ሜዳ ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ በፊት እዚያ የነበረ ሁሉ የሚጫወተው ምድረ በዳው ላይ ነበር። ዛሬ የበረሃ ጎልፍ ሲባል የሚታየው ሥዕል በቢጫ አሸዋ መካከል የሚያበራ አረንጓዴ ነው፤ ያ አረንጓዴ ደግሞ በሞቃት አገር በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይጠጣል። ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ረጅም መንገድ በሚሄዱበት ቆላ እንዲህ ያለ ሜዳ ይሠራ የሚል ሰው ካለ እኔ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነኝ። የምወደው ጎልፍ ያ አይደለም።

የምወደው ጎልፍ ልቡ ተጫዋቾቹ «ብራውን» የሚሉት ነገር ነው። በሳር ሜዳ ጉድጓዱ ያለበት፣ በጣም አጥሮ የታጨደው ቦታ «ግሪን» ይባላል። በአሸዋ ሜዳ በእሱ ቦታ የሚገባው ብራውን ነው፤ ክብ ሆኖ የተደለደለ፣ ዘይት የጠጣ፣ የተጠቀጠቀ አሸዋ። ስለዚህ ነገር አጥብቀው ያስተማሩኝ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። በደርግ ጊዜ ጋላባትን ተሻግረው ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገቡ፤ እዚያም ዓመታት የኖሩት የጎልፍ ሜዳ ብራውን በመሥራትና በመጥረግ ነው። እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ያስገቡት ጨዋታ እነሱ ከሄዱ በኋላም ቀጥሎ ነበርና ሥራው ዋና ሙያ ነበር። ዛሬ ካርቱም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በጦርነት የደረሰባት ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ስለ አሸዋ ሲጠየቁ ግን ወዲያው ነቃ ይላሉ።

አሠራሩን እንዲህ ነገሩኝ። መጀመሪያ ቦታው ከዳር እስከ ዳር አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ተለክቶ በክብ ይቆፈራል፤ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ሥሩ በጥሩ አፈር ተሞልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እስኪጠነክር ይደቀደቃል። ለጥ ያለ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ አሸዋውን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ አሸዋው ይነፋል። ጠጠር የቀረበት አሸዋ ኳስን ያሳስታል፣ ዱቄት የበዛበት ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። የተነፋው አሸዋ በዘይት ይታሻል፣ በስሱ ይነጠፋል፣ ከባድ ነገር እላዩ ይንከባለልበታል። መሐሉ ላይ ጉድጓዱ ይቆፈርና እንዳይናድ ቆርቆሮ ይቀበርበታል።

የዘይቱ ልክ ግን በመስፈሪያ አይገኝም። ይህን ስጠይቃቸው ከጓሯቸው እፍኝ አሸዋ አመጡ፣ ከትንሽ ጠርሙስ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉና በሁለት መዳፋቸው አሹት። ጨበጡት፤ ከፈቱት። የጣታቸው ቅርጽ የወጣበት እብጥ ብሎ ቆመ። በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ተበተነ።

«አየኸው? ስጨብጠው ያዘ፣ ስነካው ፈረሰ። ልኩ ይህ ነው።»

«ቢበዛስ ጋሼ?»

«ቢበዛ መዳፍህን ያጨማልቀዋል። ኳሱም መንገድ ላይ ተይዞ ይቀራል። ሲያንስ ደግሞ በማግሥቱ ብትመጣ አሸዋው ከጎረቤት ነው የምታገኘው።»

ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ብራውን ሠርተዋል። ጉድጓዱ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ከሕጋዊው 108 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ለጥቂት ነው። መጥረጊያቸው ደግሞ ጆንያ በወፍራም ብረት ቱቦ ላይ ጠቅልለው፣ ከሁለት ጫፉ ገመድ አስረው የሠሩት ነው። ሲጠርጉ አየኋቸው። ከጉድጓዱ አፍ ይጀምራሉ። ወደ ኋላ እየሄዱ፣ ጆንያውን እየጎተቱ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ እየዞሩ ክቡን ያሰፉታል፤ የመጨረሻው ዙር ከብራውኑ ጠርዝ ላይ ያወጣቸዋል። የራሳቸው ኮቴ አንድም ቦታ አይታይም። አንድ ቅጠል ነፋስ አምጥቶ ጣለበት፤ ሄደው በእጃቸው አላነሡትም። ረጅም ሽመል አምጥተው ከዳር ሆነው ገፉት።

ብራውን ላይ ኳስ መግፋት የራሱ ጣዕም አለው። ሳር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ጠዋትና ማታ ይለያያል፣ ቅጠሉ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ ኳሱንም ይዞት ይሄዳል። በደንብ የተጠረገ አሸዋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ኳሷ የመታሃትን ያህል ትሄዳለች፣ ባነጣጠርክበት መሥመር ትሄዳለች፣ በኋላዋ ደግሞ ቀጭን ፈር ትተዋለች። ያ ፈር የማይዋሽ ምስክር ነው። ጎበጥ ብሎ ከታየ እጅህ ጎብጧል፤ በሳር ማሳበብ የለም። ግፊቱ ግን ከሳሩ ጠንከር ማለት አለበት፤ ከሳር ሜዳ የመጣ ሰው ኳሱን ደጋግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ከብራውኑ ውጪ ያለው ሜዳ ተፈጥሮ የሰጠው ነው። የመጫወቻው መሥመር በቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ወይም በችካል ይከለላል። ተጫዋቹ ትንሽ የሰው ሠራሽ ሳር ቁራጭ ይይዛል፤ ኳሱ ከመሥመሩ ውስጥ ካረፈ ቁራጩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ኳሱን እላዩ አስቀምጦ ይመታል። ዱላውም ከድንጋይ ይተርፋል። ኳሱ ከመሥመሩ ከወጣ ግን ቁራጩ አይፈቀድም፤ ከእሾህ ሥርም ቢሆን ባለበት ይመታል። በደቡብ አውስትራሊያ ኩበር ፒዲ የምትባል የኦፓል ማዕድን ከተማ አለች፤ ሙቀቱ ስለሚበረታ ብዙው ነዋሪ ቤቱን ከመሬት ሥር ፈልፍሎ ነው የሚኖረው። የጎልፍ ሜዳዋ አንዲት ሳር የለባትም፤ ሁሉም ቁራጩን ይዞ ይዞራል፣ በበጋ ደግሞ በሚያበራ ኳስ ሌሊት ይጫወታሉ። ይህ ክለብ የጎልፍ መዲና ከምትባለው ከሴንት አንድሩስ ጋር አባላትን በእንግድነት የመቀበል ስምምነት አለው። ስኮትላንዶቹ የአሸዋ ሰዎችን አላሳነሱም።

አሁን ወደ ቆላችን። እዚህ ሜዳ ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዋልካውን ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅለው ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ ከኅዳር ወዲህ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ እግር ያስገባል፤ ኳስማ ይውጣል። ሰሊጡ ከተነሣ በኋላ ለጥ ብሎ የሚታየው ማሳ ለዓይን ያማልላል፣ ለጎልፍ ግን የመጨረሻው ምርጫ ነው። ገናን የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በቃርሚያ ማሳ ላይ ሩሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶበት ጨዋታ ያልቆመበት የለም። ገናን ካነሣሁ አይቀር፣ ቆልማማ ዱላ ከጫካ መርጦ ቆርጦ፣ ኳስ በደረቅ መሬት ላይ ከመምታት ጋር የኖረ ሕዝብ ጎልፍን እንደ ባዕድ ነገር ማየቱ ይገርመኛል። ጨዋታዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በቡድን ይታገላል፣ ሌላው ለብቻ ይጓዛል። የእጁ ሥራ ግን ዘመዳም ነው፤ ገና ሲጫወት ያደገ ልጅ የጎልፍ ዱላ ብትሰጡት ወገቡን ማዞር ማንም አያስተምረውም።

ትክክለኛው ቦታ ጠጠራማው ተረተር ነው፤ የእጣን ዛፍ የሚበቅልበት። የእጣን ዛፍ አፈሩ ስስ የሆነ ድንጋያማ ተዳፋት ይወዳል፤ እርሻ የማይፈልገው መሬት ነው፣ ልክ እንደ ስኮትላንዱ የባሕር ዳር። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ስሱ ቅርፊቱ እየተላጠ ይቆማል፤ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ አበባ ያወጣል። ከተረተሩ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲያዩ የሱዳን ሜዳ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። ጥሩ የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ የሚፈልገው ይህንን ነው፦ ኳሱ ከከፍታ ተነሥቶ ረጅም ሲበር የሚታይበት፣ ተጫዋቹ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ዓይኑ የሚጠግብበት።

ግን አደራ፣ ዛፉ አይነካ። መተማ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የወጣ ምርምር፣ ችግኙ በእሳትና በከብት እያለቀ፣ ትልልቁ ዛፍ በጥንዚዛና በሌላውም ምክንያት እየሞተ ነውና በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፉ 90 በመቶው ሊጠፋ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ለመሥመር ብሎ አንድ የእጣን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ጎልፍ አልገባውም፤ የዚህ ጨዋታ ብልሃቱ ባለው ዛፍ ዙሪያ መጫወት ነው። ሌላም አለ። የበጋው ወር ለተጫዋቹ ብቻ አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ዝናብ መግቢያ ድረስ የግንዱን ቅርፊት እየፋቁ ሙጫውን የሚለቅሙ ሠራተኞች በጫካው ውስጥ ናቸው። ኳስ ከመምታትህ በፊት ጮኽ ብለህ አስጠንቅቅ፣ ከተፋቀው ግንድ ላይ የሚንጠባጠበውን ሙጫ አትንካ፣ ኳስህን ፍለጋ ብለህ ችግኝ አትርገጥ። ከብት ባለበት ደግሞ አትምታ። እረኛው መንጋውን እስኪያሳልፍ አምስት ደቂቃ መታገሥ ያቃተው ሰው አራት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ምን ያደርግለታል?

ወቅቱ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። በክረምት አይሞከርም፤ ሳሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ጭቃው መኪናም አያሳልፍ፣ የወባው ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በደጉ ወቅትም ቢሆን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መጨረስ ነው። አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው የሳር ሜዳ የሚጫወቱ ወዳጆች ስለ ከፍታቸው ይኮራሉ፤ እውነት ነው፣ በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ከባሕር ጠለል ይልቅ አሥር በመቶ ያህል ይርቃል። ቆላ ከፍታ የለውም፤ ግን ሞቃት አየርም ስስ ነው፣ ደረቁ መሬት ደግሞ ኳሱን ካረፈበት ጀምሮ ያስሮጠዋል። ስለዚህ የቆላ ተጫዋች ወደ ሰማይ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ መምታት ይማራል። ከፍ ብሎ የወረደ ኳስ ብራውኑን ይቦጭቀዋል፤ ዝቅ ብሎ የመጣው ከፊቱ ነጥሮ እየተንከባለለ ይገባል። የስኮትላንድ ባሕር ዳር ሰዎች በነፋሱ ምክንያት የሚጫወቱት ይህንኑ ምት ነው።

መተማ ዮሐንስ አጠገብ ግን የማይነካ መሬት አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ነው፤ ማንም ችካል ይዞ እንዳይሄድበት።

የቀረው የዘይቱ ጉዳይ ነው። በየአገሩ ብራውን ሲሠራ የኖረው በተቃጠለ የመኪና ዘይት ነበር፤ ርካሽ ነው፣ አይተንም። መሬትን ግን ይመርዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የእኛ ወንዝ ጓንግ ነው፤ ወርዶ አትባራ ይሆንና ዓባይ ይገባል፣ በበጋ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሰውም ከብትም ከዚያው ይጠጣል። ስለዚህ በዚህ ነገር ድርድር የለም፤ የጋራዥ ዘይት ጀሪካን ይዞ የመጣ ከደጅ ይመለስ። የአትክልት ዘይት የሞከሩ አሉ፣ ውድ ነው እንጂ ያገለግላል።

ሽማግሌው ያገኙት መላ ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ጓሯቸው ያለው ብራውን ላይ ዘይት የለም፤ እፍኙን የለወሱት እኔን ለማሳየት ነበር። ሥሩን የሠሩት ከኩይሳ ነው። ምስጥ የገነባውን ኩይሳ ፈልጠው፣ ደቁሰው፣ በውሃ ለውሰው ደልድለውታል፤ ሲደርቅ ጥፍር አያስገባም። አውስትራሊያኖች የቴኒስና የክሪኬት ሜዳ በኩይሳ አፈር ሲሠሩ እንደኖሩ ስነግራቸው አልገረማቸውም። በኩይሳው ላይ ከጓንግ የመጣ፣ ሁለቴ የተነፋ አሸዋ በጣም በስሱ ተበትኗል። ማታ ማታ ልብስ የታጠበበት ውሃ ይረጩበታል፣ ጠዋት በጆንያው ይጠርጉታል። ነፋስ የወሰደውን ለመተካት አንድ ማዳበሪያ አሸዋ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኩይሳ ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሞልቷል፤ ለአንድ ብራውን የሚበቃው በአንድ ጋሪ ይመጣል።